ሰፈር፣ መንደር፣ አጥቢያ፦ አንድ ናቸው ወይ?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግሁ የአማርኛ መምህርት ነኝ። ዘንድሮ የተመደብኩት ምሥራቅ ጎጃም ነው። ተማሪዎቼን ‹ስለ ሰፈራችሁ አንድ ገጽ ጻፉ› ስላቸው ግማሾቹ ‹እኛ እኮ ሰፈር የለንም፤ የገጠር ልጆች ነን› አሉኝ። መልመጃው ላይ ግን ሰፈርና መንደር ተመሳሳይ ቃላት ተብለው ተቀምጠዋል። ልጆቹ ደግሞ ቀበሌ፣ ጎጥ፣ አጥቢያ፣ ቀዬ፣ አገር፣ አካባቢ የሚሉትን እያፈራረቁ ይጽፋሉ። ተመሳሳይ ናቸው ብዬ ልለፈው ወይስ ላርማቸው? ሰፈር የሚጻፈውስ በየትኛው ‹ሰ› ነው?»

መልስ፦

መምህርት፣ ልጆቹ እውነታቸውን ነው። እንደ ሰነፍ ሰበብ አይዩባቸው። «ሰፈር የለንም» ያሉት ቃሉ ጠፍቷቸው አይመስለኝም። ቃሉ የያዘው ነገር ከኑሯቸው ጋር አልገጥም ብሏቸው ነው።

አንድ የጎጃም ገበሬ ከቤቱ ሳይነቃነቅ የአንድ መንደር፣ የአንድ ጎጥ፣ የአንድ አጥቢያና የአንድ ቀበሌ ሰው ነው። ቃላቱ አንድ መሬት ላይ ይደራረባሉ። ተመሳሳይ የሚያስመስላቸውም ይኸው መደራረብ ነው። ግን እያንዳንዱ ቃል የሚናገረው ስለ ሌላ ዝምድና ነው። አንዱ ሰውየው እዚያ እንዴት እንደመጣ ይናገራል። አንዱ ማን እንደሚያስተዳድረው። አንዱ ማን እንደሚቀብረው። አንዱ ደግሞ እሳት ቢጠፋበት ከማን ቤት እንደሚጭር። እኔ አማርኛ ሳስተምርም፣ ከገበሬ አፍ ቃላት ስለቅምም የደረስኩበት አቋም ይህ ነው።

ከሰፈር ልጀምር። ቃሉ የወጣው «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ ነው። ሰፈረ ሁለት ሥራ አለው። እህል ይሰፍራል፤ ቁና ይዞ ይለካል። ጦርም ይሰፍራል፤ ድንኳን ተክሎ ያርፋል። በግእዝ ሰፈረ ማለት ለካ ማለት ነው። ለእኔ ሁለቱ ትርጉሞች ብዙም አይራራቁም። ጦር ሲሰፍር ለእያንዳንዱ አለቃ ቦታው ተለክቶ ይሰጠዋል። መጽሐፍ ቅዱሱን ቢከፍቱ፣ በኦሪት ዘኍልቍ እስራኤል በምድረ በዳ ድንኳን የሚተክሉበት ቦታ «ሰፈር» ነው። ወደ ዕብራውያን ሰዎች በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 13 ላይም «ከሰፈሩ ውጭ» የሚል አለ። እዚያ ሰፈር ማለት ነቅለው የሚሄዱት ነገር ነው።

ነገሥታቱም ለረጅም ዘመን የኖሩት እንዲህ ነው። ከተማቸው ድንኳን ነበር። የሹሞቹ ማዕረግ ራሱ የቦታ ስም ነው። ፊታውራሪው ከፊት ይሄዳል፣ ቀኝ አዝማቹ ከቀኝ፣ ግራ አዝማቹ ከግራ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ይህ ልማድ ሳይነቀል እዚያው ቀረ። መኳንንቱ ከነጭፍሮቻቸው በተሰጣቸው ቦታ ሰፈሩ። ቦታውም በሰውየው ስም ተጠራ። ደጃች ውቤ ሰፈር የሚለውን ስም እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ድንኳኑ ቤት ሆነ፣ ቤቱ ጠቅላላ ሰፈር ሆነ፣ ስሙ ግን የሰፋሪውን አለቃ እንደያዘ አለ። «ከተማ» የሚለውም ቃል ከዚሁ ዓለም ነው። ከተመ ማለት ቦታ ይዞ ተቀመጠ ማለት ነው። ቀድሞ ከተማ ሲባል ሹሙ ከነሠራዊቱ የሚቀመጥበት ቦታ ነበር።

እንግዲህ ወደ ተማሪዎችዎ ይመለሱ። አባታቸው አልሰፈረም። ከሌላ ቦታ መጥቶ፣ ተለክቶለት፣ በአንድ አለቃ ሥር የተቀመጠ ሰው አይደለም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በፊት በጎጃም እርስት የሚቆጠረው መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አባት ጀምሮ ነበር። ዘሩም በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። ሰው አንድ ቦታ የሚኖረው የአያቱ አያት እዚያ ስለኖሩ ነው። ቤቶቹም እንደ ጦር ድንኳን ተጠጋግተው አይቆሙም። አንዱ ጉብታው ላይ፣ አንዱ ከባሕር ዛፉ ጥግ፣ አንዱ ከወንዙ ማዶ ነው። ለዚህ ኑሮ ሰፈር የሚለው ቃል ይጠብበታል።

የጎጃም ከተሞች ውስጥ ግን ሰፈር ሞልቷል። ምክንያቱም ከተማ ሰው ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚሰፍርበት ነው። ባሕር ዳርን ይመልከቱ። በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውና የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ቤቱ ሲቋቋሙ ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ዛሬም «ፖሊ» እና «ፔዳ» የሚባሉት ቦታዎች ስማቸውን ያገኙት ከሁለት ተቋማት ነው፤ ከፖሊ ቴክኒኩና ከፔዳጎጂው። ተቋማቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋህደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። የአካባቢው ስም ግን አልተዋሐደም። ባለ ባጃጁ «ፔዳ፣ ፔዳ» ብሎ ይጠራል፤ ተሳፋሪውም የፔዳጎጂን ታሪክ ሳያውቅ ይገባል። አዲስ የሚሠሩት ሰፈሮችም በዚሁ መንገድ ስም ያወጣሉ። ከውጭ አገር የመጡ ሰዎች የሠሩት «ዲያስፖራ» ይባላል። በማኅበር ተደራጅተው የሠሩት «ማኅበር ቤት» ይባላል። ያለ ፈቃድ በሌሊት የተሠራው «ጨረቃ ቤት» ነው። በሁሉም ውስጥ ማን መጥቶ እንደሰፈረ ይነገራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይከብደኛል። ሰፈር የሚለው ቃል ለስላሳ ነው። «የሰፈሬ ልጅ» ሲባል ፍቅር አለው። ከአንድ ግሥ የወጣው «ሰፋሪ» ግን ሰው ያቆስላል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ መንግሥት ከወሎ፣ ከሸዋና ከሌላም ቦታ ብዙ ሰው እያነሳ ወደ መተከል፣ ወደ ጳዌ ወሰደ። መተከል ያን ጊዜ ከጎጃም አውራጃዎች አንዱ ነበር። መርሐ ግብሩ «ሰፈራ» ተባለ። ሰዎቹም «ሰፋሪዎች» ተባሉ። ያን ጊዜ የአስተዳደር ቃል ነበር። ዛሬ ግን እዚያው ለተወለደ፣ እዚያው ወልዶ ላሳደገ ሰው «ሰፋሪ» ሲባል፣ መሬቱ የአንተ አይደለም እየተባለ ነው። ይህን ቃል ክፍል ውስጥ ስታስተምሩ ተጠንቀቁ። ተማሪዎችዎ መካከል ቤተሰቡ ከመተከል ወይም ከሌላ ቦታ ተፈናቅሎ የመጣ ልጅ ሊኖር ይችላል።

መንደር ለእነዚህ ልጆች የሚቀርባቸው ቃል ነው። እንደ ጦር ድንኳን ባይጠጋጉም በአንድ አካባቢ ያሉ ቤቶች ናቸው፤ ማን አመጣቸው፣ መቼ መጡ የሚል ጥያቄ የለበትም። ሆኖም መንደርም የራሱ ታሪክ አለው። ከ1978 ዓ.ም. ወዲህ ደርግ ተበታትኖ የሚኖረውን ገበሬ በአንድ ቦታ የመሰብሰብ ዘመቻ ጀመረ። «መንደር ምሥረታ» ተባለ። ጎጃምንም ነክቶታል። ገበሬው ቤቱን አፍርሶ፣ እንጨቱን ተሸክሞ፣ በገመድ በተለካ መስመር ላይ እንዲሠራ ታዘዘ። ማሳው ራቀ። ከብቱ መዋያ አጣ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ብዙው ሰው መንደሩን እያፈረሰ ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። ለዚህ ነው አንዳንድ አዛውንት «መንደር በነበርንበት ጊዜ» ሲሉ የሚሰሟቸው። እርስዎ አሁንም መንደር ውስጥ የሚኖሩ ሊመስልዎት ይችላል፤ እሳቸው ግን የሚያወሩት ስለዚያ ዘመን ነው። ተማሪዎቹን ወደ አያቶቻቸው ልከው ቢያስጠይቋቸው ከማንኛውም መልመጃ ይበልጥ ይማሩበታል።

በሰፈራ ጣቢያዎቹ ደግሞ መንደር ቁጥር ተሰጠው። ጳዌ ውስጥ መንደሮቹ በቁጥር ይጠሩ ነበር፤ ቁጥሩም እስከ ዛሬ ስም ሆኖ ቀርቷል። በተፈጥሮው መንደር የሰው፣ የዛፍ ወይም የወንዝ ስም ነው የሚይዘው። ቁጥር የያዘ መንደር ሲያዩ እቅድ አውጪ እንዳለፈበት ይወቁ።

መንደርና ሰፈር የሚለያዩበት ሌላም ቦታ አለ። «መንደርተኛ» ስድብ ነው። ዐይኑ ከራሱ ደጃፍ የማያልፍ፣ ወገን እየለየ የሚሠራ ሰው ነው። «ሰፈርተኛ» ቢሉ ግን የሚቀየም ብዙ ሰው የለም። «የመንደር ወሬ» ሲባልም ወሬው የማይረባ ነው ማለት ነው። ቃሉ ይህን ጥላ ያነሳው ከተሜው ገጠሩን ዝቅ አድርጎ ከማየቱ ይመስለኛል። በልጆቹ ፊት ግን ይህ ጥላ መንደር ለሚለው ቃል አይገባውም። ስለ መንደራቸው በኩራት ይጻፉ።

አሁን ወደ አጥቢያ እንምጣ። ለጎጃም ገጠር ከሁሉም በላይ የሚከብደው ቃል ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። የምሥራቅ ጎጃምን ካርታ ቢያዩ ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም የሚሉ ስሞች ያገኛሉ። ሁሉም የቤተ ክርስቲያን ስሞች ናቸው። ደብረ ማርቆስም እንዲሁ ናት። ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ ከተማዋ የቤተ ክርስቲያኑን ስም ወሰደች። አንድ ሙሉ ከተማ ስሙን ከአጥቢያው ወሰደ ማለት ነው።

አጥቢያ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለው ሕዝብና መሬት ነው። ልጁ ወንድ ከሆነ በ40 ቀኑ፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀኗ ክርስትና የሚነሱት እዚያ ነው። ፍትሐት የሚፈታው እዚያ ነው። የሚቀበሩትም እዚያ ነው። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ ሰውን «አጥቢያህ ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁት፣ «ማን» መባሉን ያስተውሉ። «የት» አይባልም። መልሱም «ሚካኤል ነው»፣ «ጊዮርጊስ ነው» ይሆናል። አጥቢያ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ባለቤት አለው።

ያ ባለቤት የሥራ ቀኑንም ይወስናል። ሚካኤል በወሩ 12 ቀን ይውላል፣ ማርያም በ21፣ ጊዮርጊስ በ23፣ መድኃኔ ዓለም በ27። ገበሬው የአጥቢያውን ታቦት ቀን አጥብቆ ይይዛል። በዚያ ቀን በሬ አይጠመድም። ጥቂት ርቆ ያለው አጥቢያ ግን በዚያው ቀን ሲያርስ ሊታይ ይችላል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሁለት አጥቢያ ካለ ሁለት የሥራ አቆጣጠር አለ ማለት ነው። ይህን ልዩነት «ሰፈር» የሚለው ቃል ሊሸከመው አይችልም።

አጥቢያን ቤተ ክህነቱ ብቻ አልያዘውም። በንጉሡ ዘመን ትንሹን ክርክር የሚያየው ዳኛ «አጥቢያ ዳኛ» ይባል ነበር። «ሰበካ» የሚለውም ከአጥቢያ ጋር ይቀራረባል። እሱ ግን ከ«ሰበከ» የወጣ ነው። ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚሰሙት «ሰበካ ጉባኤ» በሚለው ውስጥ ነው። አጥቢያ ሌላ ትርጉምም ስላለው ልጆቹ እንዳይምታታባቸው ይንገሯቸው። «የፋሲካ አጥቢያ» ሲባል ሊነጋጋ ሲል ያለው ሰዓት ነው፤ «አጥቢያ ኮከብ»ም ከዚያ ነው። መልመጃ ላይ «አጥቢያ»ን ያለ ዓረፍተ ነገር ብቻውን ማስቀመጥ ልጁን ማሳሳት ይሆናል።

ክፍልዎ ውስጥ ሙስሊም ተማሪዎች ካሉ ለእነሱ አጥቢያ አይሠራም። የእነሱ ማኅበረሰብ በመስጊዱና በጀመዓው ይጠራል። የጽሑፍ ርዕሱን ስታወጡ ይህን ያስቡበት። አዊ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ደግሞ ልጆቹ በቤታቸው በአውኚ ምን እንደሚሉት ጠይቋቸው እል ነበር።

ከደብር ጋር የሚነሳ አንድ ውብ ቃል አለ፤ አድባር። በግእዝ ደብር ማለት ተራራ ነው፤ ብዙ ቁጥሩ አድባር ነው። አማርኛው አድባርን ለብቻው ወሰደውና የቦታ ጠባቂ መንፈስ አደረገው። ሰው የሚሰበሰብበት ትልቅ ዛፍም አድባር ይባላል። ቡና ሲፈላ «የአገሩ አድባር ይጠብቃችሁ» ብለው የሚመርቁ እናቶች አሉ። ለጎረቤቱ ሁሉ መሰብሰቢያ የሆኑ አንዲት አሮጊትም «የሰፈሩ አድባር ናቸው» ይባላሉ። ካህናቱ ይህን አነጋገር ሁልጊዜ አይወዱትም። እኔ ግን ሰው መኖሪያውን ምን ያህል እንደሚያከብር ከዚህ በላይ የሚናገር ቃል አላውቅም።

ቀበሌ ሌላ ነገር ነው። ቃሉ ከደርግ በፊትም ነበር፤ አካባቢ፣ ወረዳ የማይሞላ ቦታ ማለት ነበር። በ1967 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ወጡ። የገጠሩን መሬት የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 በየካቲት ወጣ፤ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰው ቁጥር 47 በሐምሌ ተከተለ። በከተማው ቀበሌ ተቋቋመ። የተወረሱት ቤቶች አነስተኛዎቹ ለቀበሌ ተሰጡ፤ «የቀበሌ ቤት» የሚባለው ከዚያ ነው። በገጠሩ ደግሞ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ስፋቱ ቢያንስ 800 ሄክታር፣ ማለትም 20 ጋሻ እንዲሆን ተደነገገ። እንግዲህ የገጠሩ ቀበሌ የተለካው በመሬት ነው፤ በሰው ዝምድናም፣ በቤተ ክርስቲያንም አልተለካም። አዛውንቶቹ እስከ ዛሬ ቀበሌውን «ገበሬ ማኅበር» ሲሉ ቢሰሙ አይግረምዎ።

በዚህ ምክንያት ቀበሌ ቀስ በቀስ ቦታ መሆኑን ትቶ ቢሮ ሆነ። «ቀበሌ ሄጄ መታወቂያ አሳደስኩ» ስንል ማንም ሰው መሬት አይታየውም። የሚታየው ጠረጴዛ፣ ማኅተምና ወረፋ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ለተማሪዎችዎ ይስጧቸው። «መንደር ሄጄ መታወቂያ አሳደስኩ» ብለው ይሞክሩት። ይስቃሉ። ተመሳሳይ አለመሆኑን በሳቃቸው ያረጋግጣሉ።

ጎጥ ከቀበሌ በታች ነው። በገጠሩ አማርኛ በአንድ ጥግ የተሰባሰቡ ጥቂት ቤቶች ናቸው። አስተዳደሩም ቃሉን ከሕዝቡ ወስዶ የመዋቅሩ ታችኛ ደረጃ አደረገው። ከተማ ሲሆን «ቀጠና» እና «ብሎክ» ይላሉ። በእነዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። የቅጽ ቃላት ናቸው።

ቀዬን ግን በዋዛ አላልፈውም። ቀዬ ቤቱ፣ አጥሩ፣ ጓሮው፣ ከብቱ የሚውልበት ደጅ፣ እስከ ማሳው ጫፍ ነው። ከሌሎቹ ቃላት ሁሉ ለቤተሰብ የሚቀርበው እሱ ነው። «የአባቴ ቀዬ» ይባላል። «የአባቴ ቀበሌ» ግን ማንም አይልም። ዛሬ ዜና ላይ «ከቀዬአቸው ተፈናቀሉ» የሚለውን በጣም ስለለመድነው ቃሉ የመፈናቀል ጓደኛ መስሏል። ሰው ቀዬ የሚለውን የሚሰማው ቀዬውን ሲያጣ ብቻ ሆኗል። ይህ ያሳዝነኛል። ልጆቹ ስላልተፈናቀለ ቀዬ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ ጌሾው፣ ስለ ውሻው ቢጽፉ ቃሉን ወደ ቦታው ይመልሱታል።

አገር የሚለውን ደግሞ ልጆቹ ለምን እዚህ ውስጥ እንዳስገቡት ይገባኛል። ጎጃም ውስጥ «አገርህ የት ነው?» ሲባሉ «ኢትዮጵያ» ብለው ቢመልሱ ጠያቂው መልስ እንዳላገኘ ይቆጥረዋል። አገር እንደ ሰውየው ርቀት ይሰፋል፣ ይጠባል። ብቸና ገበያ ላይ ያለ ሰው «አገሬ» ሲል አጥቢያውን ሊሆን ይችላል። ደብረ ማርቆስ ሲደርስ አገሩ ብቸና ይሆናል። አዲስ አበባ ሲገባ ጎጃም፣ ባሕር ሲሻገር ኢትዮጵያ። ጎጃም በአንድ ወቅት በሰባት አውራጃ የተከፈለ ነበር፦ ደብረ ማርቆስ፣ ብቸና፣ ሞጣ፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ ባሕር ዳር፣ አገው ምድርና መተከል። አውራጃዎቹ ከመዋቅር ቢወጡም በዕድሜ የገፉት ሰዎች አገራቸውን ሲጠየቁ አሁንም የሚመልሱት በእነዚህ ስሞች ነው። «የወንዜ ልጅ» የሚለውም ከዚሁ ነው፤ ከአንድ ወንዝ የጠጣን፣ ከአንድ አገር የወጣን ማለት ነው። ይህን አባባል ግን የሚናገሩት ከወንዙ ሲርቁ ነው። እዚያው እያሉ ማንም «የወንዜ ልጅ» አይባባልም።

ጎረቤት የቦታ ስም አይደለም፤ የሰው ስም ነው። ስለዚህ ሰፈር ከሚለው ጋር በተመሳሳይነት መደርደር የለበትም። ግእዙ ጎረቤትን «ጎር» ይለዋል፤ አማርኛው ቤት ጨመረበት። ጎጃም ውስጥ የጉርብትና መለኪያው ግድግዳ መጋራት አይደለም። እሳት መጫጫር ነው። ጠዋት ምድጃው ጠፍቶ ሲገኝ ገል ይዞ የሚኬድበት ቤት፣ እሱ ጎረቤት ነው። ክብሪት በየሱቁ ሞልቶ እንኳ አባባሉ አልጠፋም። ሴቶቹ «ቡና አጣጬ ናት» ይላሉ፤ ያቺን ሳትጠራ አቦሉ አይቀዳም። ወንዶቹ ደግሞ በወንፈል ይታወቃሉ። ዛሬ ለእኔ ያረሰ፣ ነገ ለእሱ አርሳለሁ። ሞት ሲመጣ የዕድሩ ጥሩምባ ሁሉንም ይጠራል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው ይህን ሁሉ ቆጥሮ ነው።

ማሳ ላይ ሲሆን ግን ጎረቤት የሚለው ቃል ይቀየራል። እርሻው የሚዋሰነው ሰው «ድንበርተኛ» ነው። በመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ «አዋሳኝ» ተብሎ ስሙ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜን፣ በደቡብ ይጻፋል። ጎረቤትና ድንበርተኛ አንድ ሰው ላይሆኑ ይችላሉ። ቤቱ ከእኔ አጠገብ የሆነ ሰው እርሻው ከወንዙ ማዶ ሊሆን ይችላል። ከጎረቤት ጋር ቡና ይጠጣል፤ ከድንበርተኛ ጋር ፍርድ ቤት ይኬዳል። ሁለቱን የሚያምታታ ተማሪ ካለ በዚህ ይለይላቸው።

ባልንጀራም እዚህ ቦታ አለው። መጽሐፉ «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ሲል ጎረቤት አላለም። ግእዙም «ቢጽ» ነው የሚለው። ሕግ አዋቂው ጌታን «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ በአጥር የሚገናኘውን ሰው ብቻ ማለቱ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው አያስፈልግም ነበር። ተርጓሚዎቹ ቃሉን በማስተዋል መርጠዋል።

አካባቢ ቀሪው ነው። ከ«ከበበ» የወጣ ነው፤ የከበበን ነገር ሁሉ ነው። ጥቅሙም ጉዳቱም ልቅ መሆኑ ነው። «ሦስት ሰዓት አካባቢ እመጣለሁ» ስንል ሰዓቱን እንዳንያዝበት ነው። ቦታም ላይ እንዲሁ ነው። የትኛውን ዝምድና እንደሚያወራ ያልወሰነ ሰው «አካባቢ» ይላል። ለሪፖርት ይሆናል። ለተማሪ ድርሰት ግን ልጁ የተሻለ ቃል እስኪያገኝ ድረስ ቢያስጠብቁት እመርጣለሁ።

ስለ እርማቱ እንዲህ ቢያደርጉ። መልመጃው ላይ ሰፈርና መንደርን ያዛመደ ልጅ ነጥቡን ይስጡት፤ መጽሐፉ ያለውን ነው የመለሰው። ከዚያ ግን ቃላቱን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለዋውጧቸው። «ጦሩ ወንዝ ዳር ሰፈረ»፣ «የአጥቢያው ምእመናን ለንግሥ ወጡ»፣ «ቀበሌው ስብሰባ ጠራ»፣ «ከአባቱ ቀዬ አልወጣም» የሚሉትን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። የትኛው ቃል ተቀይሮ ዓረፍተ ነገሩ እንደሚቆም፣ የትኛው እንደሚሰበር ልጆቹ ራሳቸው ይፈልጉ። «የአጥቢያው ምእመናን» በ«የመንደሩ ምእመናን» ቢተካ ዓረፍተ ነገሩ አይሰበርም። ግን የሌላው አጥቢያ ሰውም ሊገባበት ይችላል። እንዲህ ያለው ትንሽ ልዩነት ላይ ቢያቆሟቸው ደስ ይለኛል። የድርሰቱን ርዕስ ደግሞ ክፍት ያድርጉት። «የምኖርበት ቦታ» ይበሉና ቃሉን ልጁ ይምረጥ። ሰፈር የመረጠ፣ መንደር የመረጠ፣ አጥቢያውን የመረጠ ልጅ የሚጽፉት ሦስት የተለያየ ድርሰት ነው የሚሆነው። ለምን ያንን ቃል እንደመረጠ በአንድ መስመር እንዲጽፍ ያድርጉት።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ «ሰፈር»ም «ሠፈር»ም ታትሞ ይገኛል። ቃሉ ለካ ከሚለው የግእዝ ሰፈረ ጋር ስለሚሄድ እኔ የምጽፈው በእሳቱ «ሰ» ነው። በንጉሡ «ሠ» የጻፈ ልጅ ግን ነጥብ አይቀነስበት። «ቀዬ»ም «ቀየ» ተብሎ ይጻፋል። ልጁ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መስመር ካላፈረሰው ይበቃዋል።